ዱላ የያዘውን ማን ይሹመው?

(ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከጅማው መንገድ ከሰበታ፣ ከአምቦው መንገድ ከቡራዩ፣ ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በየሰፈራችን ዱላና ጠመንጃ ይዞ ሕግ አስከብራለሁ የሚለውን ሰው የሚሾመው ማን ነው? ሲያጠፋስ የሚጠይቀው ማን ነው?

አሜሪካ ያለ አንድ ዘመዴ በስልክ ሲያጫውተኝ “ሸሪፍ ልንመርጥ ነው” አለኝ። እኔ ሸሪፍ ሲባል በፊልም ላይ ደረቱ ላይ ኮከብ ለጥፎ ፈረስ የሚጋልበው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የካውንቲ፣ በእኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ አካባቢ፣ የፖሊስና የእስር ቤት ኃላፊ ኖሯል! በአብዛኞቹ ግዛቶች በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል፤ ዘመኑም ባብዛኛው 4 ዓመት ነው። ወንበሩን የፈለገ ሰው በየቤቱ እየዞረ “ምረጡኝ” ይላል። እስቲ አስቡት፣ ፖሊስ በር አንኳክቶ ሲለምን! እኛ ዘንድ በር ሲንኳኳ ልባችን እንዴት እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ።

“ምርጫ ብቻውን መልአክ አያመጣም” የሚል ካለ እውነቱን ነው። አላባማ ውስጥ ዳላስ በሚባል ካውንቲ ጂም ክላርክ የተባለ ሸሪፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1965 ሴልማ ላይ የመምረጥ መብት ፈልገው በሰላም የወጡ ጥቁሮች በግዛቱ ፖሊሶችና በእሱ ሰዎች ዱላ ተደበደቡ። እሱም እኮ የተመረጠ ነበር! ነገር ግን ጥቁሩ አብዛኛው ከመዝገብ ውጪ ስለነበር መራጮቹ ነጮች ነበሩ ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ፤ ጥቁሮቹ ተመዘገቡ፤ በ1966 ክላርክ ተሸነፈ። ድንጋይ አልተወረወረበትም፣ ጥይት አልተተኮሰበትም። ካርድ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የክልል ፖሊስ ማደራጀት የክልሉ ሥልጣን ነው። የፖሊስ አዛዣችን በሹመት ደብዳቤ ይመጣል፣ በደብዳቤም ይሄዳል። ይሁን! እኔ ሸሪፍ ካልመረጥን አልልም። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50፣ ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። እንግዲያው አዛዡን ባንመርጥ፣ አዛዡን ጠርቶ የሚጠይቀውን ምክር ቤት እንምረጥ እንጂ!

እኔም ይሄንኑ ብዬ በ2000 ዓ.ም. ለቀበሌ ምክር ቤት ልወዳደር ተነሣሁ። ከሦስቱ ከተሞች በየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ያሰናከሉኝ ሰዎች ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸውና። ልመዘገብ ስሄድ “ኃላፊው የለም፣ ነገ ተመለስ” ተባልኩ። በነጋታው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን “ጊዜው አልፏል” አሉኝ። የዚያን ዕለት ማታ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ቤቴ መጥተው “ልጄ፣ ልጆችህን ብታሳድግ አይሻልም?” አሉኝ። ምን ልበል? ቡና ጠጥተን ተለያየን።

የደረሰው በእኔ ብቻ አልነበረም። ኅብረትና ኦፌዴን እጩዎቻችን ተዋከቡ ብለው ከዚያ ምርጫ ወጡ። የቀበሌ ምክር ቤት ወንበርም እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። ለአንዲት ቀበሌ 300 እጩ የሚያቀርብ ተቃዋሚ ከየት ይመጣል? ኢሕአዴግና አጋሮቹ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበር ጠራርገው ወሰዱ። በ2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች አንገባም አሉ፤ ውጤቱም ያው ሆነ። የ2010ሩ ተራዘመ፤ በ2011 ደግሞ እንደገና ተራዘመ። በ2013 አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን ሲመርጡ፣ እኛ ለፓርላማና ለጨፌ ድምፅ ሰጠን እንጂ የከተማችንን ምክር ቤት አልመረጥንም።

ታዲያ ይሄ የወንበር ጉዳይ ብቻ ይመስላችኋል? በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺዎች ተፈናቀሉ። የተረፉት ፖሊስ በጊዜው አልደረሰልንም አሉ። በ2015 ሦስቱም ከተሞቻችን ወደ ሸገር ከተማ ሲጠቃለሉ ነዋሪው ድምፅ ስጥ አልተባለም። በዚያው ዓመት ቤት በጅምላ ሲፈርስ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሠራሩ ሕግን ያልተከተለ፣ ኃይል የበዛበት ነው ብሎ ሪፖርት አወጣ። ለመሆኑ ሰው ሲሞት የዘገየ ጉልበት፣ ቤት ሲፈርስ እንዴት ፈጥኖ ደረሰ? ተመርጬ ቢሆን ኖሮ አዛዡን አስጠርቼ የምጠይቀው ይሄንን ነበር። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ጋሞው፣ ሁላችንም የምንጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የአካባቢ ምርጫ ቀን ተቆርጦ ይነገረን። ሁለተኛ፣ ለመመዝገብ የቀረበ እጩ ቀንና ሰዓት ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው፤ “ነገ ተመለስ” የሚለውም በጽሑፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ የፖሊስ አዛዡ በየሦስት ወሩ በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ፣ ሕዝብ እየሰማ ይጠየቅ።

ምዝገባ ሲታወጅ እኔ እንደገና እሄዳለሁ። በ2000 ብቻዬን ሄጄ ነው ያሳፈሩኝ። አሁን ግን ጎረቤቶቼን ይዤ ነው የምሄደው። ማን አብሮኝ ይመጣል?