ከፊት ዲፈረንሻል ስለሚንጠባጠብ ዘይት
በአዳማ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች የቀረበ ንግግር



በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የምናገለግል ሁላችን ላንድክሩዘር ፒክአፕን እናውቃለን። ዘር ያደርሳል፣ የውኃ ቧንቧ ያጓጉዛል፣ በምጥ የተያዘችን እናት በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ መኪና ሥር ስለሚታይ የዘይት ጠብታ ነው። ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የጥገናውን ገንዘብ የሚፈቅደው ጉባኤው ስለሆነ ምን መጠየቅ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል።

ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ሹፌሩ በዚህ ላይ የፊት ጎማ መቆለፊያዎችን ፈትቶ በኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል። የፊት ዲፈረንሻል ሳይሠራ ስለሚጓዝ ዘይቱ ቀስ በቀስ ቢጎድልም ድምፅ አያሰማም። ክረምት ገብቶ ወደ ገጠር አጥቢያ በጭቃ መግባት ሲያስፈልግ ግን ጥርሶቹ በደረቁ ይፋተጋሉ። ስለዚህ ጉዳቱ የሚገለጠው መኪናው እጅግ በሚፈለግበት ቀን ነው። ፓራኦሊዮ የምንለው የዘይት መከላከያ ቀለበት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ኮሮናና ፒኞን መተካት ግን ከባድ ወጪ ነው።

ፓራኦሊዮው ከመገዛቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይመርመሩ።

አንደኛ፣ ዘይቱ የሚመጣው ከየት ነው? ዲፈረንሻሉ ታጥቦ ይድረቅ፤ መኪናውም የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹ ታስረው፣ ማርሹ ግን በሁለት ጎማ እንደሆነ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ። ትራስሚሲዮኑ በሚታሰርበት አንገት ዙሪያ ዘይት ከታየ የሚያፈሰው የፒኞኑ ፓራኦሊዮ ነው። ከፊት ጎማው ጀርባ ካለው ኳስ መሰል ክፍል የቀጠነ ግራሶ ከወረደ ግን ችግሩ ከአክስሉ የውስጥ ፓራኦሊዮ ነው። ይህ ቆይቶ ወደ ፍሬን ሊደርስ ስለሚችል መኪናው ሰው ሳይጭን ይጠገን።

ሁለተኛ፣ መተንፈሻው ክፍት ነውን? ዲፈረንሻል ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው በአካባቢያችን ደቃቅ አቧራ ከተደፈነ አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ይገፋዋል። የጋለው ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አየሩ ተኮማትሮ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ሦስተኛ፣ ፒኞኑ ይነቃነቃልን? ትራስሚሲዮኑ ተፈትቶ አንገቱ በእጅ ሲወዘወዝ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አርጅቷል። በዚህ ጊዜ ፓራኦሊዮ ብቻ መለወጥ ሕመሙን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል።

ጥገናው በሥርዓት ይፈጸም። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ጎማዎቹ ይደገፉ፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። አስቀድሞ የመሙያው ቡሎን ይፈታ፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ እርሱ አልፈታ ቢል መኪናው ባለበት ይቀራልና። ከዚያ ዘይቱ በዕቃ ይቀዳ። ትራስሚሲዮኑና አንገቱ ከመለያየታቸው በፊት ምልክት ይደረግባቸው። በዳዶውና በፒኞኑ ጫፍም ላይ እንዲሁ ምልክት ይደረግ፤ ዳዶው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣም ይቆጠር። የኩሽኔታው ጥብቀት በዚህ ዳዶ ይወሰናል፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ ቢላላ ጥርሶቹ ይበላሻሉ።

አንገቱ በመዶሻ ተመትቶ ሳይሆን በመንቀያ ይውጣ። ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ቦታ በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ አንገቱም ይለወጥ። የአዲሱ ፓራኦሊዮ ከንፈር ግራሶ ተቀብቶ፣ ዙሪያው እኩል እየተመታ ሳይጣመም ይግባ። ዳዶው ወደ ምልክቱ ተመልሶ ይቆለፍ። መተንፈሻውም ይጽዳ። በመጨረሻ ለዲፈረንሻል የተሠራው የጂ.ኤል. 5 ደረጃ ዘይት፣ ለምሳሌ 85 ደብልዩ 90፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ይሞላ።

አሮጌው ዘይት መሬት ላይ አይፍሰስ። የዝዋይ ሐይቅ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ አብያታ ግን መውጫ የለውም። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዚህ ሸለቆ ወደ ውኃ የጣልነው ነገር የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለውም፤ ጉድጓድ የምናስቆፍር እኛው ውኃን ልናበላሽ አይገባም።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከጉባኤያችሁ ሦስት ውሳኔዎች ይጠበቃሉ። ሹፌሩ በየወሩ የዲፈረንሻሉን ዘይት አይቶ በመዝገብ ይጻፍ። በወር አንድ ጊዜም የፊት መቆለፊያዎቹን አስሮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዳ፤ ያኔ ዘይቱ ለሁሉም ክፍል ይዳረሳል፣ ፓራኦሊዮውም አይደርቅም። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ከብልሽቱ በፊት በዓመታዊው በጀት ይያዝ። መኪናው በስጦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥበቃው ግን የእኛ አደራ ነው። ጠብታው በታየበት ሳምንት የወሰነ ጉባኤ በክረምት ሌሊት ለምትጣራው እናት መኪና ይኖረዋል።