የሚታመን ፊት ሲያስፈራ

እሱ፦ የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1992 ያሳየውን «ጎስትዋች» የተባለ ድራማ በአገሩ ቴሌቪዥን ዳግም አላሳየውም። እኔ ይህ የተጋነነ ይመስለኛል። ድራማው በቀጥታ የሚተላለፍ ቢመስልም አስቀድሞ የተቀረጸ ነው፤ የደራሲው የስቴፈን ቮልክ ስም መግቢያው ላይ ተጽፏል፤ የቀረበውም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?

እሷ፦ ስሙስ ተጽፏል፣ ልጅ ግን የሚያምነው ፊት ነው። ስቱዲዮ የተቀመጠው እውነተኛው ጋዜጠኛ ማይክል ፓርኪንሰን ነበር፤ መንፈስ አለበት ወደተባለው ቤት የገባችው ደግሞ ልጆች ከራሳቸው ፕሮግራም የሚያውቋት ሳራ ግሪን። ቅዳሜ ማታ መሆኑንም አትርሳ፣ ማን በጊዜ ይተኛል? በማያ ገጹ የታየው ስልክ ቁጥር ቢቢሲ በእውነተኛ ፕሮግራሞቹ ይጠቀምበት የነበረ ነው። የደወለ ሰው ድራማ መሆኑ ይነገረው ነበር፤ መስመሩ ተጨናንቆ ግን ብዙዎች ሳያገኙት ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ከድራማው በኋላ በከባድ ጭንቀት ስለታመሙ ሁለት የአሥር ዓመት ልጆች ጽፏል።

እሱ፦ ሁለት ልጆች ከሚሊዮኖች መካከል! ደግሞስ ጭራቅ ያልተነገረው ልጅ አለ?

እሷ፦ ሁለቱ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ የፈራ ሁሉ ሐኪም ቤት አይሄድም። ጭራቁ ደግሞ የሚመጣው «ተረት ተረት» ተብሎ፣ ልጁም «የመሠረት» ብሎ ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ሲያበቃም «አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። እዚህ መግቢያውም መውጫውም ተደብቋል። አልፎ አልፎ «ድራማ ነው» የሚል ጽሑፍ ቢያሳልፉ ማን ይጎዳ ነበር?

እሱ፦ ድራማው ይጎዳ ነበራ!

እሷ፦ ይጎዳ። ከልጁ እንቅልፍ አይበልጥም።