ፕላን ላይ የሚቆም ዘበኛ

ውድ ተመራቂዎችና ወላጆች፦

አርክቴክቸርና ኮንስትራክሽን ተምራችሁ የምትወጡት ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ደጃፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ መርካቶ ነው፤ ከመርካቶም ስለ ሌባ። ወላጆች አትደንግጡ፤ ልጆቻችሁን የሚመለከት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ወደ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር «ኪስህን ጠብቅ» የሚል ነው። ደግ ምክር ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን በሙሉ ለገበያተኛው ይተዋል። ሌብነቱ ሲብስ ደግሞ ፖሊስ ይጨመር፣ ዘበኛ ይቀጠር፣ ካሜራ ይሰቀል እንላለን። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመጡት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ልጠይቅ። የሕንፃውን ደረጃ ጨለማ ጥግ ውስጥ ያስገባው ማነው? መጸዳጃ ቤቱን ከሰው ዓይን ያራቀው ማነው? ሌባው አይደለም። ሌባው የተዘጋጀለትን ቦታ ነው የተጠቀመው። ያዘጋጀለት ፕላኑን የሠራው ባለሙያ ነው።

ይህን ጥያቄ በማንሳት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ጸሐፊዋ ጄን ጃኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የመንገድን ሰላም ከፖሊስ በፊት የሚጠብቀው በመንገዱ ላይ የሚኖረውና የሚሠራው ሰው ዓይን ነው ብላ ተከራከረች። በ1971 የወንጀል ተመራማሪው ሬይ ጄፈሪ፣ በ1972 ደግሞ አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ተከተሉ። ኒውማን የአሜሪካን የመንግሥት ቤቶች መርምሮ፣ የማንም ያልሆነ ኮሪደርና ደረጃ ለወንጀል በር እንደሚከፍት፣ ነዋሪው «የኔ ነው» የሚለው ደጃፍ ግን እንደሚጠበቅ ጻፈ።

ለመርካቶ ነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ በአራዳ የነበረውን ገበያ አንስቶ ወደዚህ አዛወረው። የጣሊያን የከተማ ፕላን ዓላማ አገሬውን ከነጩ መለየት ነበር። መንገዱን ያሰመረው ወራሪው ቢሆንም፣ ሕይወት የዘራበት ነጋዴው ነው። ሸማ ተራ፣ ሳህን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ተቧደነ፤ አብሮ እቁብ ጣለ፤ እድር ገባ፤ ጎረቤት ባለሱቁን ከነቤተሰቡ አወቀ።

እስኪ ከአንዱ ተራ ቁሙና አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለሱቁ ለሶላት ወደ አንዋር መስጊድ ሲሄድ፣ ሱቁን የማይቆልፍበት ጊዜ አለ። ደጃፉ ላይ በርጩማ ያስቀምጣል ወይም አጣና ያጋድማል፤ ፊት ለፊት ላለው ጎረቤቱ በዓይኑ ነግሮት ይሄዳል። በርጩማው ማንንም አያስቆምም። የሚያስቆመው የጎረቤቱ ዓይን ነው። ያ ዓይን ሊያይ የቻለው ደግሞ ሁለቱ ሱቆች ፊት ለፊት ስለተከፈቱና መሐላቸው ያለው መንገድ ሰው ከሰው የሚተያይበት ስለሆነ ነው። አሁን ይህንኑ ነጋዴ ወደ አዲስ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ውሰዱት፤ መስታወቱ በማስታወቂያ ተሸፍኗል፣ ኮሪደሩ ይጠማዘዛል፣ ጎረቤቱ አይታይም። ያን ጊዜ በርጩማው በርጩማ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን ግን አናቅልለው። በመርካቶ ሁለት ዓይነት ሌብነት አለ፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

አንዱ በግርግር የሚሠራ ነው። ኪስ አውላቂ ባዶ መንገድ አይወድም። የሚወደው ዕቃ ከሱቅ ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ የያዘበትን፣ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ የሚጋፋበትን፣ የታክሲ ሰልፍ ከሕንፃ መግቢያ ጋር የተደባለቀበትን ቦታ ነው። እዚያ ሺህ ዓይን ቢኖርም እጅ አይታይም። ስለዚህ መግቢያውን አስፉ፤ የሸክሙን መስመር ከገበያተኛው ለዩ፤ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበትን ቦታ ከሚያልፍበት አርቁ።

ሁለተኛው በባዶ ቦታ የሚሠራ ነው። ማታ መዝጊያዎቹ ሲወርዱ ያ ሁሉ ሕዝብ ይበተናል፤ መንገዱ የብረትና የቆርቆሮ አጥር ብቻ ይሆናል። መብራት ይረዳል፤ ነገር ግን የሚያይ ሰው በሌለበት መብራት ለቀማኛውም ያበራል። ስለዚህ ከሱቁ በላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ይኑር፤ መስኮቱ ወደ መንገድ ይከፈት፤ ደረጃው ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ይውጣ።

ሌላም አደጋ አለ። ሌባን በመፍራት ብቻ የተሠራ ቤት ባለቤቱን ያስራል። መስኮቱን በፍርግርግ፣ የኋላ በሩን በብየዳ የዘጋ ሰው እሳት ሲነሳ በየት ይወጣል? ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ለሰዓታት ሲነድ፣ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዳከበደው በወቅቱ ተነግሯል። ከሌባ የሚጠብቀው በር ከእሳት የሚያወጣ በር ጭምር መሆን አለበት።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ይህ ዕውቀት ድሃን ማባረሪያ እንዳይሆን። «አካባቢው ይጽዳ» ተብሎ ጉልት ቸርቻሪዋ ከደረጃው ሥር ስትነሳ፣ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ ቀኑን ሙሉ የምታይ ሴት አብራ ትነሳለች። ሊስትሮውም፣ ሻይ ሻጯም እንደዚሁ ናቸው። በፕላናችሁ ላይ ቦታ ስጧቸው፤ ጥላና ውሃ ያለው፣ መተላለፊያ የማይዘጋ ቦታ።

ውድ ተመራቂዎች፦ ነገ ፕላን ጨርሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አንዲት ነጋዴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሱቋን ዘግታ፣ የቀኑን ገቢ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ታክሲ ትሄዳለች እንበል። መንገዷን በጣታችሁ ተከተሉት። በኮሪደሩ ማን ያያታል? ደረጃው ላይ ብትጮህ ማን ይሰማታል? ከበሩ ስትወጣ ከፊቷ ምን አለ፣ ቤት ነው ወይስ አጥር? መልስ ያጣችሁበት ቦታ ላይ እርሳሳችሁን መልሳችሁ አንሱ። ግድግዳ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወረቀት ላይ ግን ላጲስ ይበቃል።

ሥራችሁ ይቅና፤ እጃችሁ ይባረክ።