ለቀብር ፈቃድ አለ፤ ለማስታመምስ?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ቤተሰብ በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ እንድናገር ሲጠይቁኝ ርእሱ ሰፋብኝ። ቤተሰብ ይወልዳል፣ ያሳድጋል፣ ይቀጣል፣ ያወርሳል። ይህን ሁላችንም አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል። እኔ ነርስ ስለሆንኩ በቅርብ የማውቀውን አንዱን ብቻ ላንሳ፤ ማስታመምን።

ሆስፒታል ዘመድ አስተኝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር የተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሐኪሙና ከነርሷ ሌላ አንድ ሠራተኛ አለ። ደመወዝ የለውም፣ ጋዋን አይለብስም፤ አስታማሚ ይባላል። በሽተኛውን ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ደግፎ ሽንት ቤት ይወስዳል፣ ምሳ ዕቃና ፔርሙስ ይዞ ይመላለሳል። መድኃኒቱ ግቢ ውስጥ የለም ሲባል ማዘዣውን ይዞ ከተማውን የሚያካልል እሱ ነው። ሌሊት ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ሮጦ የሚጠራንም እሱ ነው። «እሱ» የምለው በልማድ ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት፤ ልጅ፣ እህት፣ ሚስት፣ ምራት።

እስቲ አስታማሚዎች ሁሉ አንድ ቀን ቀሩ እንበል። ክፍሉ እስከ ምሳ ሰዓት አይዘልቅም! ይህ ሥራ በየትኛውም በጀት ላይ አልተጻፈም፤ የሚከፍልበት ሰው ግን አለ። የቀን ሠራተኛዋ የዕለት ገቢዋን፣ ተማሪዋ ፈተናዋን፣ ተቀጣሪዋ የዓመት ፈቃዷን ትከፍልበታለች።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት መሆኑንና ጥበቃ እንደሚገባው ይናገራል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በወላጅና በልጅ፣ በወንድምና በእህትም መካከል ሳይቀር ቀለብ የመስጠት ግዴታን ያስቀምጣል። ቀለብ ሲል እህል ብቻ አይደለም፤ ጤናም አለበት። ጥሩ። በ2011 የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስትገልጡ ግን (የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ ስላለው እሱን ልተወው) አንቀጽ 81 ላይ ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ታገኛላችሁ። ማስታመም ተብሎ በስሙ የተጠራ ፈቃድ የለበትም። ያለው ለየት ያለና ከባድ ነገር ሲያጋጥም የሚወሰድ፣ ደመወዝ የሌለው፣ ቢበዛ ተከታታይ 5 ቀን ነው፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። እንግዲህ እናቴ ከሞተች ደመወዜ ይከፈለኛል፤ እንዳትሞት አጠገቧ ብቀመጥ አይከፈለኝም ማለት ነው።

ድሮ ልጆቹ ብዙ ስለነበሩ አንዱ ሲያርስ አንዷ ታስታምማለች። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአንዲት ኢትዮጵያዊት አማካይ የወሊድ መጠን 5.5 ልጅ ነበር። በ2008ቱ 4.6 ደርሷል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 1.8። ከእነዚያም አንዱ ካናዳ ወይ ዱባይ ነው። ብር ይልካል፣ በቪዲዮ ይደውላል፣ እግዜር ይስጠው። በቪዲዮ ግን በሽተኛ አይገላበጥም።

አስታማሚ ይቅር እያልኩ አይደለም። እህል አልቀምስ ያለ በሽተኛ ከልጁ እጅ ሲጎርስ ስንቴ አይቻለሁ። የምለው፣ ጊዜ ይሰጠው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ድርጅት የምትመሩ አላችሁ፣ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ያላችሁም አላችሁ። አዋጁ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው፤ በኅብረት ስምምነት ከዚያ የተሻለ መስጠት ይቻላል። 10 ቀን የማስታመሚያ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። መምህራኖቻችንም ብትሆኑ፣ የነርሲንግ ተማሪዎቻችሁ አስታማሚን እንዴት እንደሚያሠለጥኑ አስተምሯቸው። የአልጋ ቁስል የሚከላከለው በሽተኛውን ማገላበጥ የሚያውቅ ሰው ነው።

የዚያችን አንድ መስመር ረቂቅ አብራችሁኝ ለመጻፍ የምትፈልጉ የሕግ ምሩቃን፣ ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ።