ከሐዘን በኋላ ወደ ገበታ ስለ መመለስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የእድራችን ዳኛ «አንተም አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ፣ እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ምን እናገራለሁ ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው በራሴ ላይ የደረሰውን ለመናገር ዲፕሎማ አያስፈልግም አልኩና መጣሁ። የምናገረውም ሰው ሐዘን ወይም ሐሳብ ሲበዛበት እህል እምቢ ስለሚለው ነገር፣ እንዴትስ ወደ ገበታው እንደሚመለስ ነው።

እንደምታውቁት ባለቤቴ ያረፈችው በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። እድራችን እንደ ደንቡ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን ደረደረ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ጎረቤት በየተራ እንጀራና ወጥ ይዞ መጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። በነዚያ ቀኖች ብዙ ባልበላም ሰው ስላለ አንድ ሁለት ጉርሻ እቀምስ ነበር። ጉዱ የመጣው ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። ልጆቼ ወደየሥራቸው ተመለሱ። ማታ ልበላ ብዬ መሶቡን ስከፍተው ያ መሶብ ለሁለት ሰው የኖረ መሶብ ነው። መልሼ ከደንኩት።

ከዚያ ወዲያ አፌ ሬት ሬት ይለኝ ጀመር። ብጎርስም እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ጧት ጎረቤት ቡና ሲጠሩኝ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እጠጣለሁ፤ በዚያው ሆዴ የሞላ ይመስለኛል። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። «ምነው አይበሉም?» ሲሉኝ «ጾም ነው» እላለሁ። ጾሙ በሚፈታበት ሰዓትም አልበላም፣ ማታም አልበላም። ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው፤ ጾሙን መደበቂያ አድርጌው ነበር። ያወቁብኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ጾም ሰዓት አለው፤ ያንተ ግን ሰዓት የለውም። የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ አይጾምም፣ ሂድና ታከም» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ሚዛን ላይ ስወጣ 55 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ከሐዘኑ በፊት 64 ነበርኩ። ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ጊዜ ስበሳው ምን እየሆንኩ ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሰው ራሱን እንዲህ ያታልላል። ነርሷ እንዳስረዳችኝ አንድ ሰው ሳያስበው በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ከቀነሰ መመርመር አለበት። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝና እዚያው አሰላሁት፤ ከ64 ኪሎ ከመቶ 5 እጅ ማለት 3 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። እኔ የቀነስኩት 9 ኪሎ፣ ከመቶ 14 እጅ! አክታዬን፣ ደሜን፣ ስኳሬን መረመሩ፤ ሌላ በሽታ አልተገኘም። ነገር ግን አደራ፣ «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ ሳትመረመሩ አትቅሩ፤ የሳንባ ነቀርሳም ስኳርም ሰውን እንዲሁ ያከሳሉ።

ታዲያ ሐዘን ሆድን ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ጠላት የመጣበት ያህል ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ጨጓራ ግን ሥራውን ያዘገያል። የሚሸሽ ሰው እንጀራ አያምረውም አይደል? ጭንቀቱ አልቆም ሲል ጨጓራውም እንዲሁ እንደ ዘገየ ይቆያል። ስለዚህ «አልበላ ያለው ልቡ ስለደነደነ ነው» ወይም «ስለቀበጠ ነው» የምንለው ትክክል አይደለም።

አሁን ስህተቴን ልናገር። የገና ዕለት ልጄ ዶሮ ወጥ ሠርታ ዘመድ ተሰበሰበ። አንዱ «በሞቴ»፣ ሌላው «አፈር ስሆን» እያለ ጉርሻውን ጫነብኝ። እኔም ላለማሳዘን ዋጥኩ። ሌሊቱን ሆዴን ቆርጦኝ ስታወክ አደርኩ። በማግስቱ ነርሷ ተቆጣችኝ። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን በሕክምና ቤት መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል ቀለል ያለ ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ ብቻ አለው። ሰውነቱ ሲረጋጋ ነው ወደ ኤፍ 100 የሚሻገረው። ብዙ ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች በድንገት ወርደው ልቡን እስከ ማቆም ይደርሳሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም እያየው ነው መብላት ያለበት። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን እህል እምቢ ላለው ሰው በርበሬና ቅቤ የበዛበት ትልቅ ጉርሻ ፍቅር ሳይሆን ዕዳ ነው፤ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ማንንም በሞቴ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ረሃብ እስኪመጣ መጠበቅ ተውኩ፣ ሰዓት መጠበቅ ጀመርኩ። እንደ ቢሮ ሥራ ማለት ነው፤ ደስ አለህ አላለህ ሰዓቱ ሲደርስ ትፈርማለህ። ጧት በ1 ሰዓት አንድ ስኒ አጥሚት፣ በ4 ሰዓት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ሙዝ፣ በ7 ሰዓት ሩብ እንጀራ በአልጫ ፍትፍት፣ በ10 ሰዓት በሶ በማር፣ ማታ ቀጠን ያለ ሽሮ። በጾም ጊዜ ለሚጾም የሱፍ ፍትፍትና ተልባ አለ። ቡናውን አልተውኩም፣ ግን ከምግብ በፊት መጠጣት ተውኩ። ከምግቡ ጋርም አልጠጣውም፤ ቡናና ሻይ ከእህሉ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ይከለክላሉና ቆየት ብዬ ነው።

አጥሚቷን በተመለከተ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በስድሳ ዓመቴ ድስት አማስዬ አላውቅም ነበር። የአጃውን ዱቄት በፈላው ውሃ ላይ ብነሰንሰው ጓጎለና እንደ ጠጠር ሆነ። ጎረቤቴ እማማ አይተው ሳቁብኝና «ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ነው ወደ ፈላው የሚጨመረው፤ እጅህን ሳታሳርፍ አማስል» ብለው አስተማሩኝ። እሳቸው ራሳቸው ይቅሩና የልጅ ልጃቸውን በየቀኑ በ10 ሰዓት ይልኩልኝ ጀመር። ልጁ የቤት ሥራውን ጠረጴዛዬ ላይ ይሠራል፣ እኔ በሶ በጥብጬ ለሁለታችንም አቀርባለሁ። ብቻውን እንዳያፍር እያልኩ አብሬው እጠጣለሁ። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው። ግንቦት ላይ 61 ኪሎ ገባሁ። ዛሬ 62 ነኝ፤ 64ቱን አላገኘሁትም፣ ይበቃኛል።

ስኳር ያለባችሁ ሐዘን ቤት ውስጥ መድኃኒቱን ወይም መርፌውን ወስዳችሁ ሳትበሉ እንዳትቀመጡ፤ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ይጥላችኋል። ደግሞም ለሳምንታት እህልም እንቅልፍም እምቢ ያለው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ሕክምና ይውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የእድራችን ደንብ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ወንበሩን በደንብ ይቆጥራል። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን ስለ ሐዘንተኛው ገበታ አንድ መስመር የለውም። እኔ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ከሠልስት እስከ አርባ ድረስ በየቀኑ አንድ አባል ከቤቱ ያለውን ይዞ ሄዶ፣ ሳያስገድድና በሞቴ ሳይል፣ ከሐዘንተኛው ጋር አብሮ እንዲበላ ነው። ይህንን በድምፅ እንድትወስኑ ለዳኛው አቅርቤአለሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ የቀኖቹን ስም በመሥመር አስምሬ አምጥቻለሁ፤ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሐሙስን በራሴ ስም ሞልቼዋለሁ።