ሕመምን ችሎ ሥራ መግባት ትጋት አይደለም



በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ማብቂያ ገደማ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገድቦባቸው ነበር። ገደቡ ሲነሣ ዋናው የጥንቃቄ ኃላፊነት ወደየሥራ ቦታው ተሸጋግሯል።

በሐይቁ ዳር የሚሠራ አንድ የሆቴል አስተናጋጅ ጉሮሮውን አሞት፣ ሰውነቱ ግሎ ነቃ እንበል። ለአለቃው ሲደውል «ጉንፋን ነው፤ ሰው ስለሌለን ግባ» ይባላል። ደመወዙ እንዳይቆረጥ፣ ቦታውም ለሌላ እንዳይሰጥበት ሰግቶ ማስታገሻ ውጦ ይገባል። ማስታገሻው ትኩሳቱን ስለሚያወርድ በበሩ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ አይለየውም፤ ቫይረሱ ግን ከእርሱ ጋር አብሮ ይገባል። ኮቪድ-19 ይበልጥ የሚተላለፈው ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎና በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ስለዚህ «ሲብስብኝ እቀራለሁ» የሚል ሠራተኛ ሊቀርባቸው የሚገቡት ቀናት ያልፉታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሲሆኑ የቀሩት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ሠራተኛውም በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ስለሆነም የታመመን ሰው «ግባ» ማለት ሕግ የሰጠውን መብት መንፈግ ነው።

የቀን ሠራተኛው፣ ዓሣ አስጋሪውና የጀልባ ረዳቱ ሁኔታ ይከብዳል። ለእነርሱ ያልሠሩበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ስለሆነ «ቤትህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ብቻውን ልጆች አያበላም። አሠሪዎችና ማኅበራት ለታመመ ሰው የጥቂት ቀናት ድጎማ ቢመድቡ ሌሎቹን ሠራተኞችና ሥራውን ከከፋ ጉዳት ይጠብቃሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ የአንድ ታማሚን ፈረቃ ባልደረቦች ሲከፋፈሉት ይቀልላል።

በመሆኑም፦

• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሠራተኛ ከቤቱ ሳይወጣ ለአለቃው ይደውል፤ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ምክር ይጠይቅ፤ ከቤተሰቡም ራሱን ይለይ።

• የሥራ ኃላፊ ሠራተኛው መታመሙን ሲሰማ «ቅር፤ ተመርመር» ይበል፤ ተተኪ ሠራተኛም አስቀድሞ ያዘጋጅ።

• ባልደረቦች የቀረውን ሰው በስንፍና አይጠርጥሩት፤ ምግብና መድኃኒት ቢያስፈልገው ከደጁ ያድርሱለት።

• ወደ ሥራ የሚመለስበት ቀን በጤና ባለሙያ ምክር ይወሰን።

ዛሬ በጊዜ የቀረ ሠራተኛ ባልደረቦቹንና በየቤታቸው የሚጠብቋቸውን አረጋውያን ከሕመም ይታደጋል። እርሱም ሲያገግም እንጀራው ሳይጓደል ወደ ሥራው እንዲመለስ ማድረግ የአሠሪው ድርሻ ነው።