ስለ ማንታና ስለ ባለቀንዱ የደን ወፍ



በቀይ ባሕር ማንታ የሚባል ዝርግ ዓሣ አለ። ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ እስከ 7 ሜትር ይሰፋል፤ ሲዋኝም በውሃ ውስጥ የሚበር ይመስላል። እንዲህ ገዝፎ ሳለ ምግቡ በባሕር የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች፥ በወንዶ ገነትም፥ ጉንጩ ብር የመሰለ፥ በምንቃሩ ላይ ቀንድ የሚመስል የተደረበበት ትልቅ ወፍ ይኖራል። እንስቲቱ እንቍላል የምትጥልበት ወራት ሲደርስ ወደ አሮጌ ዛፍ ጎድጓዳ ገብታ ደጁን በጭቃ ትደፍናለች፤ ወንዱም በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ከሦስት ወር በላይ ፍሬ ያጐርሳታል። ፍሬውን ሲበላም ዘሩን ወስዶ በሌላ ስፍራ ይጥላል፤ ስለዚህ የደን ዘሪ ነው።

የአንዱ ማደሪያ ባሕር፥ የሌላው ደን ነው፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ዘራቸው ጥቂት መሆኑ ነው። ማንታ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ወፊቱም አንድ ወይም ሁለት እንቍላል ጥላ አንድ ጫጩት ብታሳድግ ነው።

ዶሮ ብትጠፋ በዓመቱ ትተካለች፤ እነዚህ ግን እንዲህ አይደሉም። ማንታ ስንጥቧ ለመድኃኒት ይሆናል እየተባለ ስለምትጠመድ በ2020 እ.ኤ.አ. ለጥፋት ከቀረቡት ጋር ተቈጠረች። ወፊቱም አሮጌው ዛፍ ከተቈረጠ መውለጃ የላትም።

ስለዚህ መምህሩ ሕፃናቱን ወደ ደን ሲያወጣ፥ ሆዱ የተቦረቦረውን ዛፍ «ማገዶ ነው» አይበላቸው፤ «የእናት ጓዳ ነው» ይበላቸው።